አንድ ደብተርና አንድ ቴስተር፦ የኤሌክትሪክ መኪና አያያዝ አዲስ አበባ ላይ

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጠዋት አራት ኪሎ ካለው ቤቴ ወርጄ መኪናዬን ልከፍት ብል እምቢ አለች። ሪሞቱ አይሠራም። በቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች ለአፍታ ተንቦግቡገው ጭልም አሉ። ማታ ሳቆማት 64 በመቶ ቻርጅ ነበራት። አስጭኜ የወሰድኳት ጋራዥ ውስጥ አንድ ባለሙያ ኮፈኑን ከፍቶ አየት አየት አደረገና «ዋናው ባትሪ ሞቷል፣ መቀየር አለበት» አለኝ። የነገረኝ ዋጋ የመኪናዋን ግማሽ ያህል ነበር። ጉልበቴ ከዳኝ።

ያዳነኝ ደብተር ነው። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ በየቅዳሜው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድኩ፣ ስንት በመቶ እንደበላች፣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንዳስገባሁ እጽፍ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ቁጥሩ ብዙም አልተነቃነቀም። ማታ 64 በመቶ ይዞ፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ ከርሞ፣ ጠዋት ሞቶ የሚገኝ ትልቅ ባትሪ ደግሞ እምብዛም አያጋጥምም። «ቴስተር (ቮልት መለኪያ) አለ?» ብዬ ጠየቅኩና ከትልቁ ሌላ መኪናዋ ያላትን ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ አስለካሁ። 9.8 ቮልት፤ ባዶ ማለት ነው። ትንሿ ተቀየረች፤ መኪናዬን ራሴ ነድቼ ቤቴ ገባሁ።

ይሄን የምጽፈው ለዚህ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ሙያው ግን ገና እየደረሰባቸው ነው። ብዙ መኪኖች የሚመጡት በቻይንኛ መመሪያና በቻይንኛ ስክሪን ነው። ጎበዝ ልጆች አሉ፣ በየቀኑም እየበዙ ነው፤ ቢሆንም የእናንተ መኪና ደህና ስትሆን ቁጥሯ ስንት እንደነበር ከእናንተ ሌላ የሚያውቅ የለም። ብልሽት ማለት ደግሞ ከተለመደው መለየት ነው። የተለመደውን ካልጻፋችሁት የተለየውን በምን ታውቁታላችሁ?

ደብተሩ ላይ ምን ይጻፋል

ብዙ አይደለም። ሳምንት አንድ ጊዜ፣ አምስት ደቂቃ። ቀኑ፣ ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩ፣ የባትሪው በመቶኛ፣ መኪናው የሚያሳየው የ100 ኪሎ ሜትር ፍጆታ፣ ከግድግዳ የገባው ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪ የሚቆጥረው የኤሌክትሪክ መጠን)፣ የጎማ ንፋስ። ከጎኑ ደግሞ ያየሁትን ወይም የሰማሁትን ነገር በአንድ መስመር አሰፍራለሁ፦ «ከካዛንቺስ ቁልቁል ስወርድ ከፊት ግራ ጎማ ድምፅ»፣ «ቻርጀሩ ማታ ሁለት ጊዜ አቋረጠ»። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል። እኔ ወረቀት የምመርጠው መካኒኩ እጅ ላይ ሰጥቼ ራሱ እንዲያየው ስለሚመቸኝ ነው።

የጉዞ መቁጠሪያውን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዜሮ መልሱት። አለዚያ የፍጆታው ቁጥር የብዙ ወራት አማካይ ይሆንና የዚህን ሳምንት ችግር ይደብቅባችኋል።

ከግድግዳ የገባውን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንዳንዱ ቻርጀር ራሱ ያሳያል። ካላሳየ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አንድ ትንሽ ቆጣሪ ገዝታችሁ በቻርጀሩ መስመር ላይ በባለሙያ አስገጥሙ። ግድግዳው የሰጠውና ባትሪው የተቀበለው እኩል አይሆንም። ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ በመንገድ ላይ በሙቀትና በለውጥ ይባክናል፤ ይሄ ጤነኛ ነው። ብክነቱ በድንገት ከፍ ካለ ግን የላላ ሶኬት ወይም የሚሞቅ ገመድ ሊኖር ይችላልና መስመሩን ፈትሹ።

አሁን ስለዚያ ስክሪኑ ላይ ስለሚታየው «የቀረ ርቀት»። አትመኑት። የቻይና መኪኖች ላይ የተጻፈው ርቀት ሲ.ኤል.ቲ.ሲ. በሚባለው የአገሩ መለኪያ የተለካ ነው፤ መለኪያው ቸር ነው፣ በእውነተኛ መንገድ የሚገኘው ከዚያ ያንሳል። የእኔዋ መኪና ባትሪ 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ፋብሪካው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይላታል። ደብተሬ ላይ ግን በተለመደው ሳምንት 100 ኪሎ ሜትር የምትሄደው በ12.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 40ን ለ12.6 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ 317 ይወጣል። እኔ የምኖረው በ317 ነው፤ ከዚያ ላይ ደግሞ አንድ አምስተኛውን ለመጠባበቂያ ትቼ። ክረምት ላይ ዝናቡ፣ እርጥብ አስፋልቱ፣ የመስታወት ጉም ማጥፊያው ሲደመር ፍጆታዋ ወደ 13.5 ይወጣል። ያ ብልሽት አይደለም። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጠርቶም ካልወረደ ግን መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ደግሞ ጎማ ነው።

በነገራችን ላይ ጎማ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። መኪናዋ ወደብ ላይ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ንፋስ ተሞልታ ከነበረ አዲስ አበባ ስትደርስ መለኪያው ከፍ ብሎ ያነባል። ምክንያቱም እዚህ ከውጭ የሚጫነው የአየር ግፊት ያንሳል፤ ልዩነቱ 0.25 ባር ገደማ፣ ማለትም ሦስት ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ስለዚህ አዲስ መኪና እንደተረከባችሁ ጎሚስታ ጋ ሂዱና በሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር አስተካክሉት። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ።

ዳገቱ

እኛ ከተማ ውስጥ ፍጆታን የሚወስነው ትልቁ ነገር ዳገት ነው። መሐል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከነሰዎቹ 1,400 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ መኪና በየ100 ሜትር ከፍታው 0.38 ኪሎዋት ሰዓት ለዳገቱ ብቻ ትከፍላለች። 600 ሜትር ወደ ላይ ብትወጡ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በእኔዋ ባትሪ ስድስት በመቶ ገደማ መሆኑ ነው፤ መንገዱ ራሱ የሚበላውን ሳይጨምር። ከለገሃር በቸርችል ወደ ፒያሳ ስትወጡ ቁጥሩ ሽቅብ ሲተኮስ አትደንግጡ። ስትመለሱ ብዙውን ታስመልሳላችሁ። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ጄኔሬተር ይሆንና ባትሪውን ይሞላል፤ ሁሉንም ባይሆንም።

እዚህ ላይ ሽሮ ሜዳና ከዚያ ከፍ ብላችሁ ለምትኖሩ አደራ የምለው አለኝ። ጠዋት 100 በመቶ ሞልታችሁ ቀጥታ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል አትውረዱ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። መኪናው ራሱን በሞተሩ መያዝ ይቀንሳል፤ እግራችሁ የለመደው የመያዝ ስሜት ይጠፋና ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። 90 በመቶ ላይ ብታቆሙት ቁልቁለቱ ራሱ ይጨምርላችኋል።

ደስ የሚለው ነገር ይሄ ከፍታና ይሄ አየር ለኤሌክትሪክ መኪና የተመቸ መሆኑ ነው። የነዳጅ ሞተር አየሩ ሲሳሳ ጉልበት ያጣል፤ የእኛው ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ምንም አይጎድልበትም። የከተማችን ሙቀትም ለባትሪ ምቹ ነው፣ በጣም አይሞቅ፣ በጣም አይቀዘቅዝ።

ቻርጅ ስናደርግ

ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 10 አምፔር ነው። 220 ቮልት ሲባዛ በ10፣ 2.2 ኪሎዋት። የእኔን ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 24 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ብክነቱ ሲጨመር 12 ሰዓት ይፈጃል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተሰክቶ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። ለከተማ ኑሮ በቂ ነው።

ችግሩ ሶኬቱ ነው። የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ቤቶች መስመር ሲዘረጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳያርፍ 10 አምፔር እንዲሸከም ታስቦ አይደለም። ምጣድ እንኳ አንድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ያርፋል። መኪና አያርፍም። ስለዚህ ከብሬከሩ ቀጥታ የራሱ መስመር ይዘርጋለት። ለ16 አምፔር ከ2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ያላነሰ ሽቦ፣ መስመሩ ረዘም ካለ 4፤ ለ32 አምፔር ደግሞ 6። ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ መስመር፣ የግድ ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ቀጭን ማራዘሚያ አንጠልጥላችሁ ማከፋፈያው ዝናብ ላይ ተኝቶ የምታሳድሩ፣ እባካችሁ ተዉት። ሰው ይሞታል። ልጆች እዚያ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ።

ቀላሉ ምርመራ እጃችሁ ነው። ቻርጅ ከጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሶኬቱን ፕላስቲክ ንኩት። ለብ ካለ ደህና። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ቻርጁን አቁሙ፣ ብሬከሩን አጥፉና ከዚያ ንቀሉት፤ ሶኬቱም ይቀየር።

ሰዓቱም ቁም ነገር አለው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል። እኔ ቤት ሌሊት 220 የሚያነበው ቴስተር ምሽት 1 ሰዓት ላይ 195 አንብቦ ያውቃል። ብዙ ቻርጀር እንዲህ ሲሆን ይቀንሳል ወይም ያቋርጣል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ቀጠሮ ማስያዝ ጥሩ ነው። ብቻ የመኪናውን ሰዓት እዩት። ከቻይና የመጣ መኪና በቤጂንግ ሰዓት ላይ ከቆየ ከእኛ አምስት ሰዓት ይቀድማል። እናንተ 23፡00 ብላችሁ ብትሞሉት እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ልክ ጭንቅንቁ ሲጀምር ይነሳል። የእኛን አቆጣጠር ለምዶ «5» ብሎ የሞላ ሰው ደግሞ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ያስጀምረዋል፤ ጠዋት ሲነሳ መኪናው ገና አልሞላም፣ «ተበላሸ» ይላል። እንዲህ ብሎ የደወለልኝ ከአንድ ሰው በላይ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቱ ለጥቂት ደቂቃ ይዋዥቃል። ቤት ካላችሁ ንቀሉት፣ አምስት አሥር ደቂቃ ጠብቁና ስኩት። ለፍሪጅ የምንጠቀምበት ትንሽ መከላከያ ለመኪና አይሆንም፣ አምፔሩን አይሸከምም። መከላከያ ከፈለጋችሁ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የሚገጠም፣ ለመስመሩ አምፔር የሚበቃ ይሁን።

ክፍያውን በተመለከተ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። ብዙ ስትጠቀሙ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትንሽ መኪና ከነብክነቱ ከ140 እስከ 170 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምርባችኋል፤ ቤታችሁ የሚጠቀመው ላይ ሲደመር ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋችሁ ይችላል። ሒሳቡ ድንገት ሲያድግ መኪናውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ይሄን አስሉ። ደብተሩ እዚህም ይጠቅማል።

ስንት በመቶ ድረስ ይሞላ? የሚወስነው የባትሪው ዓይነት ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ፣ ብዙዎቹ ትንንሽ የቻይና መኪኖች እንዲህ ናቸው፣ ብዙ አምራቾች በሳምንት አንዴ ያህል እስከ 100 ሙሉት ይላሉ። የዚህ ባትሪ ቮልት ከላይ እስከ ታች ብዙም ስለማይለዋወጥ መኪናው በመቶኛውን በግምት ይከተላል፤ አልፎ አልፎ ካልሞላ ግምቱ ይስታል። «40 በመቶ ላይ ነበርኩ፣ ድንገት 22 ሆነ» የሚባለው አንዳንዱ ጊዜ ይሄ ነው። ኒኬል ያለበት ባትሪ ከሆነ ግን ለዕለት ኑሮ 80 ላይ አቁሙት፣ 100 የሚሞላው ለረጅም ጉዞ ብቻ ነው። የቱ እንደሆነ ከመመሪያው ወይም ከመኪናው ሙሉ መግለጫ አረጋግጡ፤ ሻጩ በቃል የነገራችሁን አትውሰዱ።

ፈጣን ቻርጅም አሁን አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ቦሌ ላይ የከፈተው ዓይነት ጣቢያ በቴሌብር እየተከፈለ የሚጠቀሙበት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የመሰኪያችሁን ዓይነት እወቁ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂ.ቢ.ቲ. ነው፤ ለአውሮፓ የተሠራው ሲ.ሲ.ኤስ. 2። ለዝግተኛው ቻርጅ የሚሆን አዳፕተር ቀላል ዕቃ ነው። የፈጣኑ ግን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለው፣ በመቶዎች ቮልት የሚያልፍበት ነገር ነው፤ በርካሽ ያገኛችሁትን አትሰኩበት።

የባትሪውን ጤና ቤት ውስጥ መለካት

በሦስት ወር አንዴ ይበቃል። 100 ሙሉት። የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጉ። ቢያንስ 50 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ሳትሰኩ ንዱ። ከዚያ የሄዳችሁበትን ኪሎ ሜትርና የ100 ኪሎ ሜትር ፍጆታውን እዩ። እኔ 158 ኪሎ ሜትር ሄጄ ፍጆታዬ 12.5 ነበር፤ 158 ሲባዛ በ12.5 ሲካፈል ለ100፣ 19.75 ኪሎዋት ሰዓት። ይሄ የባትሪው ግማሽ ከሆነ ሙሉው 39.5 ነው። ከ40 አንጻር በጣም ደህና። አንድ ጊዜ ብትለኩ ቁጥሩ ትንሽ ይስታል፣ አራት ጊዜ ስትለኩ ግን አቅጣጫው ይታያል። ቀስ ብሎ መውረድ እርጅና ነው፤ በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ በጣም ዝቅ ብሎ መገኘት ግን ብልሽት ነው፣ ዋስትና ካላችሁ ሳይውል ሳያድር ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።

የበለጠ ማየት ለሚፈልግ ኢ.ኤል.ኤም. 327 የሚባል ትንሽ የብሉቱዝ መሰኪያ አለ። ከመሪው ሥር ባለው መመርመሪያ ሶኬት ላይ ይገባል፣ ስልክ ላይ ባለ አፕ ይነበባል። ሁሉንም መኪና አያነብም፤ ከመግዛታችሁ በፊት አፑ የእናንተን ሞዴል እንደሚያውቅ አረጋግጡ። ካነበበ የምታዩት ዋናው ነገር በሴሎቹ መካከል ያለው የቮልት ልዩነት ነው። መኪናው ቆሞ፣ ባትሪው 50 በመቶ አካባቢ ሆኖ፣ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊቮልት ከሆነ ተረጋግታችሁ ተኙ። 50 ሚሊቮልትን አልፎ በየወሩ እያደገ ከሄደ አንድ ሴል እየደከመ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ሲሆን ወይም ሊያልቅ ሲል አትለኩት፤ እዚያ ጤነኛውም ይለያያል። ሲጨርሱ ደግሞ መሰኪያውን ነቅሎ ማውጣት ነው። ተሰክቶ ከከረመ ትንሿን ባትሪ ይመጥጣታል።

ሲበላሽ

ከትንሿ ባትሪ ጀምሩ። ሁልጊዜ። በር አልከፍት ካለ፣ መብራቶቹ ከተንቦገቦጉ፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አምስት ስድስት ማስጠንቀቂያዎች በአንዴ ከመጡ፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው አልነሳ ካለ፣ መጀመሪያ እሷ ናት። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ የሚሠራው በእሷ ጉልበት ነው፤ እሷ ከሌለች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም አይደርስም።

አንድ ቀላል ዲጂታል ቴስተር ግዙና መኪና ውስጥ ይቀመጥ። መኪናው ጠፍቶ ካደረ በኋላ ለኩ። ተራ ባለ አሲድ ባትሪ 12.6 ወይም ትንሽ በላይ ካነበበ ሙሉ ነው። ከ12.2 በታች ከሆነ ደክሟል። ከ11.8 ካነሰ ባዶ ነው በሉት። አሁን መኪናውን ለመንዳት ዝግጁ አድርጉና ድገሙት፦ ከ13.5 እስከ 14.5 ማንበብ አለበት። 12 ላይ ከቀረ ባትሪውን መቀየር ብቻ አያድናችሁም፤ ከትልቁ ባትሪ ወደ ትንሿ የሚያስተላልፈው መለወጫ ወይም ፊውዙ ነው ጥፋቱ። እኔን የገጠመኝ የራሷ የትንሿ ባትሪ ድካም ነበር። ከለካሁ በኋላ የጻፍኩት ቁጥር ሁለቱን ለየልኝ።

ሁለት ጥንቃቄ። አንዳንድ መኪኖች ትንሿም ባትሪያቸው ሊቲየም ናት፤ ቁጥሯ ከላይ ከጻፍኩት የተለየ ነው፣ እሷንም በተራ ባለ አሲድ ባትሪ አትቀይሩ፣ መሙያው አይስማማትም። ደግሞ ከሌላ መኪና በገመድ ማስነሳት ትችላላችሁ፤ መመሪያው የሚያሳየው ቦታ ላይ ፕላስና ማይነሱን ሳታሳስቱ። የእናንተን መኪና ግን የሌላ ሰው የነዳጅ መኪና ለማስነሳት አታውሉት። ጎረቤት ሲለምን እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ መለወጫው ግን ለዚያ ጉልበት አልተሠራም።

ቻርጅ አላደርግ ካለ ጥፋቱ ከሦስት በአንዱ ነው፦ ግድግዳው፣ ቻርጀሩ፣ መኪናው። መለየት ነው ሥራው። ቻርጀሩን ዘመድ ቤት ወስዳችሁ ሞክሩ። ሠራ? ግድግዳው ነው። አልሠራም? የሌላ ሰው ቻርጀር በእናንተ መኪና ላይ ሞክሩ። አንዲት ካዛንቺስ የምትሠራ ጓደኛዬ ሁለት ሳምንት «መኪናዬ ተበላሸ» እያለች ስትጨነቅ ቻርጀሩ ላይ ቀይ መብራት ይበራ ነበር። ቤቷ ግራውንድ የለውም። ቻርጀሩ ሶኬት ላይ ያለውን አደጋ አይቶ እምቢ ማለቱ ነበር። ግራውንድ ተሠራ፤ ያው ቻርጀር፣ ያው መኪና፣ አረንጓዴ በራ። ግራውንዱን ለመዝለል ሽቦ አዟዙሬ ላታልለው የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ በትህትና አሰናብቱት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ የሰከንድ ሙከራ አለ። የቻርጀሩን መሰኪያ ከሶኬቱ ነቅላችሁ ገልብጣችሁ ስኩት። የእኛ ክብ ባለ ሁለት እግር መሰኪያ በሁለቱም በኩል ይገባል፤ አንዳንድ የቻይና ቻርጀር ግን ፌዝና ኒውትራል (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) ቦታቸው ከተለዋወጠ አይሠራም። በዚህ ብቻ ዳግም የሠራ ቻርጀር አይቻለሁ።

ቻርጀሩ መኪናው ላይ ተቆልፎ አልነቀል ቢል በኃይል አትጎትቱ። መኪናውን ቆልፋችሁ ክፈቱ፣ ድገሙት። ብዙ መኪና ላይ ከመሰኪያው ጀርባ የድንገተኛ መክፈቻ ገመድ ይኖራል፤ ሳይቸግራችሁ በፊት የት እንዳለ ፈልጋችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ፍሬን። ሞተሩ ብዙውን የመያዝ ሥራ ስለሚሠራ ሸራው ብዙ ዓመት ይቆያል። ግን በክረምት ሳይሠራ ስለሚውል ዲስኩ ይዝጋል፣ ክፍሎቹም ይያያዛሉ። ሳምንት አንዴ፣ ከኋላችሁ ሰው በሌለበት፣ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙት። በዓመት አንዴ ተፈቶ ይጸዳ፣ ግሪዝ ይቀባ።

ሆድ ዕቃው። ባትሪው ከሥር ነው። የሰፈር ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሥሩን ሲመታው ከሰማችሁ በዚያው ቀን ጎሚስታ ጋ ወይም ጋራዥ በክሪክ አስነስታችሁ እዩት። የተሰነጠቀ ሽፋን፣ የተጨረመተ ብረት፣ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ካለ ፎቶ አንሱና አሳዩ። ጎርፍ የሞላው መንገድ ላይ ደግሞ አትግቡ። ባትሪው በደንብ የታሸገ ነው፤ ቢሆንም ከውኃው ሥር ምን ጉድጓድ እንዳለ አይታይም። ላቫጆ ስትገቡም ልጁን «የቻርጅ መክፈቻው ውስጥና ኮፈኑ ሥር በግፊት ውኃ አትርጭ» ብላችሁ ንገሩት።

ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ቢጎድል ውኃ አትጨምሩ። ለባትሪው መስመር ኤሌክትሪክ እምብዛም የማያስተላልፍ ልዩ ፈሳሽ የሚጠቀሙ መኪኖች አሉ፤ ጋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ በስልክ አስተርጉሙት፣ ያንኑ ግዙ።

ብርቱካናማ ገመድ ያያችሁበት ቦታ እጃችሁን አታስገቡ። እዚያ ውስጥ ያለው ከ300 ቮልት በላይ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ነው። መኪናው ጠፍቶም ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ይሄን የሚነካው የሠለጠነ፣ ለዚያ ቮልት የተሠራ ጓንት ያለው፣ ማቋረጫውን አውጥቶ ጠብቆ ለክቶ የሚጀምር ሰው ብቻ ነው። በባዶ እጁ ካቻቪቴ ይዞ ሲጠጋ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። የሚጎዳው ያ ልጅ ነው።

መንገድ ላይ ከቆመ በገመድ አስጎትታችሁ አትውሰዱ። ጎማው ሲሽከረከር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሮኒክሱን ሊያቃጥል ይችላል። አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ ይጫን። ከሥር ጭስ ካያችሁ ወይም የፉጨት ድምፅ ከሰማችሁ ዕቃ ልሰብስብ ሳትሉ ውረዱ፣ ራቁ፣ 939 ላይ ደውላችሁ የኤሌክትሪክ መኪና መሆኑን ተናገሩ።

ጋራዥ ስትሄዱ

የማስጠንቀቂያውን መብራት ሳይጠፋ ፎቶ አንሱት። መኪናው የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስነብባችሁ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ ከመጻፋችሁ በፊት ማንም እንዳያጠፋው። «ምን ሆኗል?» ሲሏችሁ «አይሠራም» ከማለት «ማክሰኞ ጠዋት ከሜክሲኮ ስነሳ፣ 58 በመቶ ላይ፣ ዝናብ ነበር፣ ትንሿ ባትሪ 12.5 ታነባለች» ማለት ሥራውን በግማሽ ያቀለዋል። ለመጠገን የሚያስፈልገውን ክፍል ስም አስጽፉ። «ይቀየር» ሲባል «በምን ለካችሁት? ቁጥሩ ስንት ነው?» ብላችሁ በትህትና ጠይቁ፤ ጎበዝ ባለሙያ ጥያቄውን ይወደዋል፣ ቁጥሩንም ያሳያችኋል። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት አንድ ዙር ነድታችሁ፣ ቻርጀር ሰክታችሁ፣ ትንሿን ባትሪ ዝግጁ ላይ እያለ ለክታችሁ እዩ። ከዚያ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተቀየረውንና የተከፈለውን በአንድ መስመር አስፍሩ። የቅዳሜው ቁጥር ከዚያ መስመር በታች ይቀጥላል።